ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አራት ጊዜ ፀሐይ

ሁልጊዜ ጠዋት ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ፣ እንደቆመች ኪቦርዱ ላይ ጎንበስ ትልና የራሷን ስም ከነአባቷ ከነአያቷ ትጽፋለች። «ፈልግ» የሚለውን ተጭና በግራ እጇ አውራ ጣት ሌሎቹን ጣቶቿን ከትንሿ ጀምራ እየነካች ትቆጥራለች። መሐል ጣቷ ላይ ሳትደርስ ካርዷ ስክሪኑ ላይ ብቅ ካለ «እሰይ!» ትልና ቦርሳዋን ታወርዳለች። ካልመጣ ግን ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ እንደተንጠለጠለ ሥራ ይጀመራል።

በዚያ ሆስፒታል ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ቢኖር ያ ማሽን ብቻ ነው። ለሰው ሁሉ ሰከንዴ ናት። ስሙን ያወጡላት የካርድ ክፍሉ ኃላፊ ናቸው፤ እሳቸውን ደግሞ ከጥበቃው እስከ ዋና ሐኪሟ ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል። ገና በመጣች ሰሞን፣ አንድ ካርድ ለማውጣት ምን ያህል እንደሚፈጅ ብትጠይቃቸው «ኧረ አንድ አፍታ ነው» አሏት። እሷም ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥታ፣ የምሯን፣ «አንድ አፍታ ስንት ሰከንድ ነው ጋሼ?» አለች። ጋሼ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያች ቀን ወዲህ ሰከንዴ ሆና ቀረች።

ሥራዋን ለሰው ማስረዳት ያስቸግራታል። ሆስፒታሉ የካርድ ፕሮግራም አለው፤ በሽተኛ ሲመጣ ስሙ ይጻፋል፣ ካርዱ ይገኛል፣ ወደ ሐኪሙ ክፍል ይላካል። ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች ከሄዱ ቆይቷል። የእሷ ድርሻ ፍጥነቱን መጠበቅ ነው፤ የት ጋ እንዳነከሰ፣ ለምን እንዳነከሰ እያሳደደች መያዝ። ሥራሽ ምንድን ነው ሲሏት «ማስቸኮል» ትላለች። እናቷ ለጎረቤት ሲያወሩ «ልጄ ሆስፒታል ነው የምትሠራው» ይላሉ። «ሐኪም ናት?» ሲባሉ «የማሽን» ብለው ቶሎ ወሬ ይቀይራሉ።

ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ከእናቷ ጋር ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ትኖራለች። እናቷ ሊድሯት ያልሞከሩት ሙከራ የለም። አንድ ጊዜ አንድ ደህና ሰው ምሳ ጋበዛት፤ «ልጆች ትወዳለህ?» አለችው፤ «አዎ» አላት። «ለመመለስ ሰባት ሰከንድ ፈጀብህ» አለችው። ያ ሰው ዳግመኛ አልደወለም። እናቷ እስከ ዛሬ ይህን ሲያስታውሱ ግንባራቸውን ይይዛሉ።

ክፍሏ ደረጃ ሥር ነው። ድሮ የአንሶላ ማስቀመጫ ነበር፤ እርጥብ ሲሆን አሁንም ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ሁለት ስክሪን፣ ሽፋኑ የወለቀ ማራገቢያ፣ አንድ እግሩ በፕላስተር የታሰረ ወንበር አላት። ፕላስተሩን ያሰረላት የቁስል ክፍል ነርስ ስለሆነ አስተሳሰሩ ልክ እንደ ተሰበረ እግር ነው።

መከራው የጀመረው ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነው። ሰኞና ሐሙስ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት አለፍ ሲል፣ ፕሮግራሙ ይደነዝዛል። ስክሪኑ ላይ ያቺ ክብ ምልክት መዞር ትጀምራለች፤ ትዞራለች፣ ትዞራለች። በካርድ ክፍሉ አራት መስኮቶች ላይ የተቀመጡት ጸሐፊዎች እጃቸውን አጣጥፈው «ሲስተም የለም» ይላሉ። ቃሉ ከመስኮት ወደ ወረፋ፣ ከወረፋ ወደ ግቢ እንደ ሐሜት ይዛመታል። ሰከንዴ በዓለም ላይ የምትጠላው አንድ አባባል ቢኖር ይኼ ነው። ከደረጃ ሥር ብቅ ብላ «አለ! ሲስተምማ አለ! ዘገየ በሉ እንጂ የለም አትበሉ!» ትላለች። ማን ይሰማታል።

ሁሉም የየራሱ ምክንያት ነበረው። ኤሌክትሪሺያኑ «መብራቱ ይዋዥቃል» አለ። ጥበቃው ገመዱ ውስጥ ውኃ እንደገባ በዓይኑ ያየ ያህል ተናገረ። ነርሷ «ዓይን በልቶት ነው» አለች። ከውጭ የተጠራው አማካሪ ማሽኑን ከላይ እስከ ታች ዓይቶ «አርጅቷል» አለና ሄደ። ሰከንዴ ራሷ ያመነችው ብዛትን ነበር። ሰኞና ሐሙስ የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ቀን ነው፤ ሦስት መቶ አዛውንት ባንዴ ይመጣል። ማሽኑ ሰው በዝቶበት ነው ብላ ደመደመች። ታዲያ አንድ እሑድ ባዶ ሆስፒታል ውስጥ ተቀምጣ፣ ሦስት መቶ ሰው ባንዴ እንደሚፈልግ አድርጋ ፕሮግራሙን ፈተነችው። ሦስት መቶ ጊዜ ባንድ ላይ የራሷን ስም ጠየቀችው። ማሽኑ ትንፋሹ እንኳ ሳይቆራረጥ ሦስት መቶ ጊዜ መለሰላት። ግራ ገባት። በማግስቱ ሰኞ ግን እንደገና ደነዘዘ።

የዚያ ሰኞ ነገር የባሰ ነበር። አንድ ስም ለማግኘት ሃምሳ ሁለት ሰከንድ። ወረፋው በኮሪደሩ አልፎ፣ በበሩ ወጥቶ፣ የግቢው ጽጌረዳ ጋ ደረሰ። ዋና ሐኪሟ፣ የሆስፒታሉ ኃላፊ፣ ነጭ ጋዋናቸውን እንደለበሱ ከፎቅ ወርደው ማንንም ሳይቆጡ ወረፋው መሐል ቆሙ። እዚያው ሃያ ደቂቃ ቆሙ። ከዚያ ደረጃ ሥር መጡ።

«ሰከንዴ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ሐሙስ እንዲህ ይሆናል ወይስ አይሆንም?»

«አላውቅም ዶክተር።»

«ጥሩ። ይሆናል ብትዪኝም አይሆንም ብትዪኝም አላምንሽም ነበር።» መነጽራቸውን አውልቀው በጋዋናቸው ጠርዝ ወለወሉ። «ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ ስብሰባ አለን። ጠዋቱ እንደ ዛሬው ከሆነ ፕሮግራሙ ይዘጋል። መዝገቡ ከመጋዘን ይወጣል፤ ወደ ወረቀት እንመለሳለን። ሰዎቹ ፀሐይ ላይ ከሚቆሙ የኔ ኩራት ቢሰበር ይሻላል።»

እዚያ ማሽን ውስጥ መቶ ሰማንያ ሺህ ስም አለ። ሰከንዴ፣ ጋሼና ጸሐፊዎቹ ሰባት ወር ሙሉ ከአቧራማ መዝገብ ላይ አንድ በአንድ ያስገቡት ነው። ያ ሁሉ ስም ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ ሊዘጋበት ነው።

ማክሰኞ ማሽኑ እንደ ፈረስ ጋለበ። ምንም የለበትም! ልክ ቤት ሲያለቅስ አድሮ ሐኪም ፊት ሲቀርብ የሚስቅ ሕፃን። ሰከንዴ የማስታወሻ ቦታውን ለካች፣ ዲስኩን ለካች፣ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጇ እየዳሰሰች ሄደች። ምንም። ረቡዕ ጠዋት ታዲያ ወንበሯን ተሸክማ፣ ያንን በፕላስተር የታሰረውን፣ ወደ ካርድ ክፍል ወጣችና መስኮት ሦስት ላይ ከምትሠራዋ ጸሐፊ ጎን ተቀመጠች። ያቺን ልጅ ሁሉም መስኮት ሦስት ነው የሚላት፤ ሰከንዴ ስልክ ላይ ሳይቀር የተመዘገበችው እንደዚያ ነው።

«ልትሰልዪኝ ነው?» አለች መስኮት ሦስት።

«ማሽኑን ነው።»

«እሱማ ዛሬ ጨዋ ነው። ሰባት ሰው ብቻ እኮ ነው ያለው።»

እንዲህ እያሉ ነጠላቸውን ደርበው አንዲት አዛውንት መጡ፤ መስኮቱ ላይ በክርናቸው ተደገፉ።

«እማማ፣ ካርድዎ?»

«ካርዴማ ልጄ ቤት ቀረ። ለስኳሬ ነው የመጣሁት።»

«የስኳር ቀጠሮ ሐሙስ ነው እኮ።»

«ዛሬ ምንድን ነው?»

«ረቡዕ።»

«እንግዲያው ቀድሜ መጣሁ። ዘግይቼ ቢሆን ትቆጡኝ ነበር፤ ቀድሜ ስመጣ ግን የሚያመሰግነኝ የለም።»

መስኮት ሦስት ስቃ ኪቦርዱን ሳብ አደረገች። «ይሁን፣ ካርድዎን ላውጣና ቀጠሮዎን ልይልዎት። ስምዎ?»

«ፀሐይ።»

«በየትኛው ፀ ነው እማማ?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ? ስሙን እንጂ ፊደሉን አልሰጡኝም። እንደ ሰማይዋ ነው።»

«ግድ የለም፣ በየትኛውም ብጽፈው ራሱ ያገኘዋል።» የአባታቸውን ስም ጠየቀች፣ የአያታቸውን ጠየቀች፣ ጻፈች፣ ተጫነች።

ክቧ መዞር ጀመረች።

ሰከንዴ አውራ ጣቷን ትንሿ ጣቷ ላይ አሳረፈች። ሁለት። ሦስት። አራት። እጇ አለቀ፤ ከመጀመሪያው ጀመረች። እንደገና አለቀ። መስኮት አንድ «ኧረ የኔም ቆመ!» አለ፤ መስኮት ሁለት «የኔም» አለች። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሰባት ብቻ ነው። ሰባት ሰው ነው የተቀመጠው፣ አንዷ ደግሞ አንቀላፍታለች! ሰከንዴ ብድግ ስትል ወንበሩ ወደ ኋላ ተገለበጠ።

«ሰው አይደለም!» ብላ ጮኸች። «በቃ፣ ሰው አይደለም!»

አዛውንቷ ቀና አሉ። «እኔ ነኝ ሰው ያልሆንኩት?»

«አይ እማማ፣ እርስዎማ… እርስዎ እግዜር የላከልኝ ነዎት! እባክዎ ይቀመጡ፣ አይሂዱብኝ!»

«ወዴት ልሄድ፣ ካርዴን ሳላገኝ?»

ወንበሩን አንስታ ለእሳቸው ሰጠች። ካርዱ በሃምሳኛው ሰከንድ ግድም ወጣ። ሰከንዴ ወዲያው የራሷን ስም ጻፈች፤ ካርዷ ሳትቆጥር መጣ። እንደገና የእሳቸውን፤ ክቧ ዞረች። የራሷን፤ ብልጭ አለ። ሁለቱን ስሞች ወረቀት ላይ ከላይና ከታች ጽፋ ትክ ብላ አየቻቸው። የእሷ ስም ውስጥ አንድም ሀ የለም። አንድም ሰ፣ አንድም አ፣ አንድም ጸ የለም። የአባቷም እንደዚያው፤ የአያቷም እንደዚያው። የእማማ ስም ግን ከአናቱ ፀ ነው፣ ሐ ይከተላል፤ የአባታቸው ስም ውስጥ አ እና ስ አለ፤ የአያታቸው ውስጥ አ እና ሃ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ማሽኑን በየጠዋቱ የጠየቀችው፣ በዓለም ላይ ካሉት ስሞች ሁሉ በጣም ቀላሉን ነበር።

ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደች። ኮዱን ከፈተች። ከሦስት ዓመት በፊት የተጻፈ፣ ሃያ መስመር የማይሞላ ነገር ነው። ሐሳቡ ቅን ነበር። አንዱ ጸሐፊ በፀሐዩ ፀ የመዘገበውን ሰው ሌላው በጸሎቱ ጸ ሲፈልገው እንዳይጠፋ፣ ፕሮግራሙ ራሱ ስሙን በሚጻፍበት መንገድ ሁሉ እየጻፈ ይፈልግ ነበር። ደግ ነገር! ግን ሰከንዴ እስክሪብቶ አንስታ ማባዛት ጀመረች። ፀ በሁለት ይጻፋል። ሐ ደግሞ በስድስት፤ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። እማማ ብቻቸውን አሥራ ሁለት ሆኑ። የአባታቸው ስም በስምንት መንገድ ይጻፋል፤ ዘጠና ስድስት። እስከዚህ ማሽኑ ይችላል፤ ዓመታት ችሎታል። ሁለት ወር ቀደም ብሎ ግን ሞክሼዎች ካርድ እየተቀያየሩ ስላስቸገሩ «ከዛሬ ጀምሮ ስም እስከ አያት ይጻፍ» የሚል ማስታወቂያ በየመስኮቱ ተለጠፈ። የአያታቸው ስም በሃያ አራት መንገድ ይጻፋል።

ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አራት።

አንዲት እማማ ካርድ ረስተው በመጡ ቁጥር ማሽኑ መቶ ሰማንያ ሺህ ስም ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አራት ጊዜ ያገላብጣል። ሰኞና ሐሙስ ደግሞ የሚመጡት አዛውንቶች ናቸው፤ ካርድ የሚረሱት እነሱ፣ በካርድ ቁጥር ሳይሆን በስም የሚፈለጉት እነሱ! ብዛት አይደለም፣ እርጅና አይደለም፣ ውኃ አይደለም፣ ዓይን አይደለም። ፊደል ነው!

ብቻዋን ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። ከዚያ ወደ ካርድ ክፍል ተመልሳ ሮጠች።

«ጋሼ! ጋሼ! አገኘሁት!»

ጋሼ ከመዝገብ ላይ ቀና ብለው፣ «ምኑን?» አሉ።

«ሀን!»

«ሀን ነው ያጣሽው እስካሁን? እኔ በአምስት ዓመቴ ነው ያገኘሁት።»

ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ማዳን ሌላ። ረቡዕ ከሰዓቱን በሙሉ አሰበች። ያንን ኮድ አውጥታ ብትጥለው ፍጥነቱ ይመለሳል፣ ሰዎቹ ግን በአንድ ፊደል ምክንያት ይጠፋሉ። ብትተወው ሰዎቹ ይገኛሉ፣ ሐሙስ ግን ፕሮግራሙ ይዘጋል። አመሻሽ ላይ ቤት ስትገባ እናቷ ወጥ ቤት በር ላይ ተቀምጠው ድንች ይልጡ ነበር። ሠላሳ ዓመት አንደኛ ክፍል ፊደል አስተምረው ነው ጡረታ የወጡት።

«እማዬ፣» አለች ጫማዋን እያወለቀች፣ «ሀሌታው ሀና ሐመሩ ሐ አንድ ናቸው ብል ምን ትያለሽ?»

እናቷ ቢላዋውን አስቀመጡ። «አመመሽ?»

«ለማሽኑ ነው። ሁሉንም ወደ አንድ ልሰብስባቸው ነው።»

«ብዙኃኑን ኀስ?»

«እሱንም።»

«ንጉሡን ሠ?»

«እሳቱ ሰ ውስጥ እከተዋለሁ።»

«ንጉሡን እሳት ውስጥ!» እናቷ ከበርጩማቸው ተነሡ። «አንቺ ልጅ፣ እኔ ለነዚህ ፊደሎች ስንት ሳጥን ቀይ እስክሪብቶ ነው የጨረስኩት? ስንቱን ሕፃን አስለቅሼ? አሁን የገዛ ልጄ ጠፍጥፋ አንድ ታድርጋቸው?»

«እማዬ፣ ስሚኝማ። የሰዉ ስም አይነካም። እንደተጻፈ፣ ከነክብሩ ይቀመጣል። ከኋላው ግን ለእያንዳንዱ ስም ጥላ እሰጠዋለሁ። ጥላው ውስጥ ሀ ሁሉ አንድ ሀ ነው፣ ሰ ሁሉ አንድ ሰ ነው። ሰው ሲፈለግ ማሽኑ የሚያየው ጥላውን ነው። አንድ ጊዜ ብቻ! ሁለት ሺህ ጊዜ ሳይሆን አንድ ጊዜ!»

«ስሙ ራሱ አይነካም?»

«በጭራሽ።»

«እንግዲህ ጥላ ከሆነ…» አሉና ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ጥላ ይሁን። ኸን ግን ረስተሻል።»

«ምን?»

«ኸ! ከ ላይ ሰረዝ ያለው። ስማቸውን በኻ የሚጽፉ ስንት ልጆች አስተምሬያለሁ። አንቺ ሦስት ብቻ ነው የቆጠርሽው።»

ሰከንዴ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። እውነታቸውን ነበር፤ ያ የድሮ ኮድ ኸን ጨርሶ አያውቀውም። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት በኻ የተጻፉ ሰዎች በኃ ሲፈለጉ አልተገኙም ማለት ነው። እናትና ልጅ የድንች ልጣጭ መሐል፣ በአሮጌ ደብተር ጀርባ ላይ፣ የትኛው ፊደል የትኛው ጥላ ውስጥ እንደሚገባ ተከራክረው ጻፉ። ሦስት ጊዜ ተኳረፉ፣ ሦስት ጊዜ ታረቁ።

ሐሙስ ገና ጎህ ሲቀድ ሰከንዴ ሆስፒታሉ በር ላይ ነበረች። ጋሼም ቁልፋቸውን እያንቃጨሉ ደረሱ። ማታውኑ ደውላላቸው ነበር። መቶ ሰማንያ ሺህ ስም ጥላውን እስኪያገኝ አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። ጋሼ አሥራ አንዱንም ደቂቃ በሹክሹክታ ነው የተናገሩት፤ ድምፅ ከተሰማ የሚበላሽ መስሏቸው።

«ሞክሪው በይ» አሉ።

ሰከንዴ እጇ በልማድ ወደ ገዛ ስሟ ሄደ። መለሰችው። ፀሐይ ብላ ጻፈች፣ አባት፣ አያት። ሆን ብላ ፀን ወደ ጸ፣ ሐን ወደ ኻ ለወጠች። አውራ ጣቷን አዘጋጅታ ተጫነች።

ትንሿን ጣት አልነካችም።

«የታለ? አይፈልግም እንዴ?» አሉ ጋሼ።

«አገኘ እኮ! ጋሼ፣ አገኘ! ያውልዎት!»

«መቼ ፈልጎ?»

ሁለቱ ባዶው አዳራሽ ውስጥ እጅ ለእጅ ተያይዘው እንደ ሕፃን ዘለሉ። የጋሼ ቁልፍ ኪሳቸው ውስጥ አብሮ ዘለለ።

ሦስት ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። ከዘራ፣ ነጠላ፣ የብረት መራመጃ፣ ሳል። መስኮት አንድ፣ መስኮት ሁለት፣ መስኮት ሦስት ካርድ እንደ ወፍጮ ያወርዱ ጀመር። የረቡዕዋ እማማ ተመልሰው መጡና «ዛሬስ ልክ ነኝ?» አሉ። «ልክ ነዎት!» ብላ መስኮት ሦስት ስማቸውን ጻፈች፤ ካርዱ ወጣ። እማማ ቅር አላቸው። «ትናንት ወንበር ሰጥታችሁኝ ነበር እኮ» አሉ። ዋና ሐኪሟ ከኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፈው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው ያያሉ።

«ሲስተም የለም!»

ድምፁ የመጣው ከመስኮት አራት ነው፣ ጋሼ ራሳቸው ከሚሠሩበት። ክቧ ትዞራለች። ዋና ሐኪሟ ቀና አሉ። ሰከንዴ በሰው መሐል እየተሽሎከለከች ደረሰች። ሦስቱ ይበራሉ፣ አንዱ ቆሟል፤ ማሽኑ አንድ ነው፣ ጥላው አንድ ነው። የጋሼ ስክሪን ብቻ ምን ነካው? አንድ ነገር ብልጭ አለላት። ያ ስም የማብዛት ሥራ የሚሠራው እዚያው ጸሐፊው በከፈተው ገጽ ላይ ነበር።

«ጋሼ፣ ይህን ገጽ መቼ ነው የከፈቱት?»

«ምን መቼ አለው? ሁልጊዜ ክፍት ነው።»

«ማታ ሲሄዱስ አይዘጉትም?»

«ከዘጋሁት ተመልሶ እንዳይጠፋብኝ ብዬ…» አሉ ጋሼ፣ እያፈሩ። «ስክሪኑን ብቻ ነው የማጠፋው። ወር አይሞላውም። ደግሞ ሦስት ወርም ቢሆንስ?»

«ጋሼ! አሮጌው ኮድ እርስዎ ጋ በሕይወት አለ!»

«ዝጊው በይ! ምን ታዪኛለሽ!» ብለው ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ዘጋችው። እንደገና ከፈተችው። ጋሼ በጣቶቻቸው መሐል አጮልቀው የቆሙትን ሽማግሌ ስም በአንድ ጣት ጻፉ። ካርዱ ጣታቸው ከኪቦርዱ ሳይነሳ መጣ። ሽማግሌው ምን እንደሆነ ሳይገባቸው አጨበጨቡ፤ ወረፋውም ተከትሎ አጨበጨበ። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ወረፋው ባዶ ሆነ። የጽዳት ሠራተኛዋ ወንበሮቹን እየደረደረች «ዛሬ ሰው አልመጣም እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

ስድስት ሰዓት ላይ ሰከንዴ በስብሰባው ፊት ቆማ፣ ሀ ምን ያህል እንደምትባዛ በሰሌዳ ላይ አሳየች። «ንጉሡን እሳት ውስጥ» የሚለውን የእናቷን አባባል ሳታስበው አምልጧት ተናገረችው፤ ሁሉም ሳቀ፣ ከሁሉ በላይ የሳቁት ዋና ሐኪሟ ናቸው። «መዝገቡ መጋዘኑ ውስጥ ይቀመጥ፤ ፕሮግራሙ ይቀጥላል» አሉና ፈረሙ። አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ በአንድ ቃል ተመለሰላቸው፤ ስብሰባው ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ።

ሰከንዴ ይህን ሁሉ እኔ እንድጽፈው ስትነግረኝ ከወንበሯ እየተነሣች፣ በእጇ እየቆጠረች፣ የእናቷን ድምፅ እያስመሰለች ነው። አንዲት ነገር ላይ ስትደርስ ብቻ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ይህችን ተዪያት፣ አትጻፊያት» አለች። ዋና ሐኪሟ የጠየቁት «ለመሆኑ ያንን ኮድ የጻፈው ማን ነው?» ብለው ነው። የጻፈችው ራሷ ሰከንዴ ነበረች፤ በገባች በሁለተኛው ወር፣ ሰው በፊደል እየጠፋብኝ ነው ብለው ጋሼ ቢያማርሩላት፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ የጻፈችላቸው ነው፤ ያን ዕለት ጋሼ መርቀዋታል። ስብሰባው ላይ ግን ሁሉም ዓይን እሷ ላይ ሲያርፍ «ለቋል» አለች። በወንድ። ጋሼ ከማዶ ቀና ብለው አዩዋትና ዓይናቸውን ወደ ወረቀታቸው መለሱ። ማታ በር ላይ ሲለያዩ፣ ኮታቸውን እየደረቡ፣ «ለዚያ ለለቀቀው ልጅ ሰላምታ አቅርቢልኝ፤ ጎበዝ ልጅ ነበር» አሏት።